ሞተር ቀየርኩ፣ ኮይሉ የድሮው ነው፦ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል

ቮልስ65፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. የ1965 ቮልስዋገን ጥንዚዛ አለኝ። ከፋብሪካ ሲወጣ 6 ቮልት ነበር። የመጀመሪያው ሞተር ስላለቀለት ከኋለኛ ሞዴል የወጣ 1600 ገጠምኩለት። አብሬም ባትሪውን፣ አምፖሎቹን፣ ዲናሞውን ወደ 12 ቮልት ቀየርኩ። የፍላይዊል ጥርስ ጉዳይ ብቻውን አንድ ወር በልቶብኛል (የ6 ቮልቱ 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው፣ የደረሰበት ያውቀዋል)።

ኮይሉን (ከባትሪው ትንሽ ቮልት ለእሳቱ ትልቅ ቮልት የሚያወጣውን) ግን አልቀየርኩም። ከአሮጌው ሞተር ፈትቼ አዲሱ ላይ አሰርኩት። ቁመቱ ያው፣ ውፍረቱ ያው፣ የገመዱ ቀዳዳ ያው። ኮይል ኮይል ነው ብዬ።

አሁን ጠዋት ቁልፉን ገና ስነካው ይነሳል። 20 ደቂቃ ያህል አንጀት አርስ ነው። ከዚያ መንተፋተፍ ይጀምራል። ዳገት ላይ ጉልበት ይከዳዋል። ከዚያ ድርግም። ግማሽ ሰዓት አቁሜው ስመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይነሳል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ፑንቲና (የኮይሉን ከረንት የሚዘጋውና የሚከፍተው ማብሪያ) አቃጥያለሁ። ኮንዴንሰሩ (ፑንቲናውን ከእሳት የሚጠብቀው)፣ ካንዴላዎቹ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚሰጡት)፣ የቤንዚን ፊልትሮው ሁሉም አዲስ ናቸው።

ዛሬ ኮይሉን በቴስተር ለካሁት። በሁለቱ ትንንሽ ጫፎች መካከል 1.9 ኦም አለኝ። አንድ ወዳጄ "ጤነኛ ነው፣ እንደዚያ የሚያሳይ ኮይል ሞልቷል" ብሎኛል።

መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት ኮይሎች አሉ። አንዱ ከእንግሊዝ መኪና የወጣ ነው፣ ጫፎቹ ላይ "ኤስደብሊው" እና "ሲቢ" የሚል አለበት። ሁለተኛው ከአሜሪካ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር)። ሦስተኛው ከቅርብ ጊዜ መኪና፣ ጥቁር አራት ማዕዘን ነገር። ከነዚህ አንዱን ዝም ብዬ ብገጥም ምን ይመጣብኛል?

ውሃ_የማይጠጣ፦
መጀመሪያ ቤንዚኑን ለይ። ሲጠፋብህ የካርቡራቶሩን አፍ እያየህ የነዳጅ ፔዳሉን ገመድ ሳበው። ቤንዚን ከረጨ ነገሩ ከእሳት ነው። ከዚያ ኮይሉን በእጅህ ጨብጠው። ስንት ሰከንድ ቻልክ?

ቮልስ65፦
ሆን ብዬ እስኪጠፋ ነዳሁት። ቤንዚን ደህና አድርጎ ይረጫል። ኮይሉን ሦስት ሰከንድ መያዝ አልቻልኩም። በጣቴ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ጭስ ብሎ ጠፋ። ካንዴላ ነቅዬ እሳቱን አየሁት። ቀጭን፣ ቢጫ፣ ሰነፍ ነው። ጠዋት ሰማያዊ ነበር፣ ጣ ጣ እያለ።

ጋሽ_ቦቢና፦
ልጄ፣ ቦቢናህ እየተቀቀለ ነው። (በእኛ ጊዜ ቦቢና ነበር የምንለው። ኮይል በሉት፣ አልጣላችሁም።)

ከውጭ ሲያዩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ። አንዱ ወፈር ያለ፣ ጥቂት መቶ ዙር። ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከ10 ሺህ ዙር የሚበልጥ። ፑንቲናው ሲዘጋ የባትሪው ከረንት በወፍራሙ ያልፍና መሃል ያለውን ብረት ማግኔት ያደርገዋል። ፑንቲናው ሲከፈት ማግኔቱ ድንገት ይፈርሳል። በዚያች ቅጽበት ወፍራሙ ላይ 250 ቮልት ገደማ ይዘላል። ቀጭኑ ላይ ደግሞ መቶ እጥፍ ይሆናል። ካንዴላህ የሚበላው እሱን ነው።

አንተ የለካኸው ወፍራሙን ነው። ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ነው። ግን መጀመሪያ የቴስተርህን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካካና ስንት እንደሚያሳይ እይ። ርካሽ ቴስተር በገመዱ ብቻ 0.2 ወይም 0.3 ይቆጥራል። ያንን ቀንስ። በ100 ኦም ላይ ማንም አይሰማውም፤ በ1.5 ላይ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሒሳቡን እይ። ለፑንቲና የተሠራ የ12 ቮልት ኮይል ወፍራም ሽቦው 3 ኦም አካባቢ ነው። ሞተር ሲሠራ መስመሩ ላይ 14 ቮልት አለ። 14 ለ3 ሲካፈል 4.7 አምፔር። ፑንቲና ይህን ይችላል። ያንተ 1.6 ነው እንበል። 14 ለ1.6 ወደ 8.8 አምፔር ይመጣል። ፑንቲናው በተዘጋ ቁጥር ኮይሉ ላይ 120 ዋት ገደማ ይነዳል፣ በ3 ኦሙ ግን 65 ነው። የተቃጠሉት ሁለት ፑንቲናዎችህ ይህንን ነበር የሚነግሩህ።

ወዳጅህ 1.5 ኦም ኮይል ሞልቷል ያለው እውነቱን ነው። ብቻውን ግን አይሠራም። ፊቱ ላይ ሌላ 1.5 ኦም ሬዚስተር፣ ባላስት የሚሉት፣ ተቀምጦለት ድምሩ 3 ይሆናል። አንተ ባላስት አለህ? ቮልስ ባላስት የለውም።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ወደ 1.5 የሚያሳይ ሌላም ኮይል አለ። የ6 ቮልት ኮይል። ማሰሪያውን ፈትተህ ኮይሉን አዙረህ እየው። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ከማሰሪያው ሥር ይደበቃል።

ቮልስ65፦
ጋሼ፣ እጅ ነሳሁ።

ሁለቱን ቡሎን ፈታሁ። ኮይሉ ዙሪያውን ቀለሙ ነጥቷል፣ ዘይት ጠጥቶ አቧራ ለብሷል። ማሰሪያው የነበረበት ቀለበት ግን እንደ አዲስ ነው። እዚያ ላይ ጉልህ አድርጎ 6 ቮልት ይላል። ቴስተሬ ጫፎቹ ሲነካኩ 0.3 ያሳያል። እንዳሉት 1.6 ነው።

አንድ ወር ሙሉ 12 ቮልት ላይ ነድቼዋለሁ።

ውሃ_የማይጠጣ፦
ጨክነህበታል 😂

ፈጣን_መፍትሔ፦
ታዲያ ምን ችግር አለ? 1.5 ኦም ባላስት ከፊቱ አስገባ። 6 ቮልት ኮይል እና ባላስት የሚፈልግ የ12 ቮልት ኮይል በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታዩ ወንድማማች ናቸው። ከ6 ወደ 12 የቀየሩ ብዙ ሰዎች እንዲህ አድርገው ለዓመታት ነድተዋል። ኮይል መግዛት አያስፈልግም።

ጋሽ_ቦቢና፦
ሒሳቡ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ጤነኛ የ6 ቮልት ኮይል ቢሆን እኔም ለጊዜው እሺ እል ነበር። ይኼ ግን ጤነኛ አይደለም። በቀጭኑ ሽቦ ላይ ያለው ሽፋን በጣም ስስ ነው። ሙቀት ይሰነጥቀዋል። አንዴ ውስጥ ለውስጥ እሳት መዝለል ከጀመረ ወደ ካንዴላ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ሲቀዘቅዝ ክፍተቱ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። "ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል" የሚለው ርዕስህ የዚህ ሕመም ስሙ ነው።

አሁን ባላስት ብታስገባለት ሙቀቱን ትቀንሳለህ እንጂ የተሰነጠቀውን አትሰፋም። ጣለው።

ስምንት_ሲሊንደር፦
ባላስት ለምን እንደተፈጠረ ሳይገባኝ አሥር ዓመት ነድቻለሁና እዚህ ላይ ልጨምር። ብዙ ሰው "ኮይሉን ከመቃጠል ለማዳን" ይላል። ግማሹ ነው።

አንደኛው ምክንያት ማስነሻው ነው። ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተሩ) ሲጎትት ባትሪው ወደ 9 ወይም 10 ቮልት ይወርዳል። የባላስት መኪና ቁልፉ ማስነሻ ላይ ሲሆን በሌላ ሽቦ ባላስቱን ዘሎ ሙሉውን ለኮይሉ ይሰጠዋል። በመደበኛ ጊዜ 7 ቮልት አካባቢ የለመደ ኮይል ድንገት 9 ሲያገኝ ይደሰታል። በብርድ ጠዋት ልዩነቱ ይታያል።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ኮይል እንደ ባልዲ ነው፣ ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል። ቪ8 በደቂቃ 5000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 333 እሳት ያስፈልገዋል። ለእያንዳንዱ 3 ሚሊሰከንድ ብቻ። ከዚያ ውስጥ ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆየው ሁለት ሦስተኛው፣ 2 ሚሊሰከንድ ነው። አራት ሲሊንደር ቮልስ በ4000 ዙር ግን ከ4 ሚሊሰከንድ በላይ አለው። 1.5 ኦም ኮይል ወፍራም ሽቦው ላይ ዙሩ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ይሞላል። ባላስቱ ደግሞ ከረንቱን ከላይ ይገድብለታል። የ3 ኦሙ ኮይል ቪ8 ላይ ዝቅ ባለ ዙር ምንም አይልም፣ ከፍ ሲል ግን ባልዲው ሳይሞላ ይደፋል።

ስለዚህ ቮልስ65፣ የቪ8ቱ ኮይል ላንተ አይሆንም። ምናልባት 1.5 ኦም ነው፣ ለካው። ያለ ባላስት ከገጠምከው ትናንት የነበርክበት ቦታ ትመለሳለህ።

ተቃራኒውንም ስህተት ሠርቼዋለሁ። ሞተር ከነኮይሉ ገዝቼ ሌላ መኪና ውስጥ አስገባሁ። ኮይሉ ትክክለኛ 3 ኦም ነበር። የተቀባዩ መኪና ሽቦ ግን ራሱ ሬዚስታንስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሙስታንግ ላይ ከቁልፉ የሚመጣው ሮዝ ሽቦ እንዲህ ያለ ነው፤ ሽቦ ይመስላል እንጂ ባላስት ነው። 3 ላይ 1.5 ተጨምሮ ኮይሌ 3.1 አምፔር ብቻ ያገኝ ነበር። ምንም አልተቃጠለም፣ ምንም አልሞቀም። ከ3000 ዙር በላይ ግን ሚስ ያደርጋል (አንዳንዱን እሳት ይዘለዋል)። ካርቡራቶሩን ስንት ጊዜ እንደፈታሁት አትጠይቁኝ።

ቮልስ65፦
የተደበቀ ሬዚስታንስ እንዳለ እንዴት ይታወቃል? ሽቦ መቅደድ አለብኝ?

ስምንት_ሲሊንደር፦
አያስፈልግም። ፑንቲናው ተዘግቶ እንዲቆም ሞተሩን በእጅ አዙር። ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን አታስነሳ። የኮይሉን መግቢያ ጫፍ ከግራውንድ (ከመኪናው ቦዲ) ጋር በቮልት ለካ። የባትሪው ቮልት ማለት ይቻላል ሙሉው ካለ ባላስት የለም። 6፣ 7፣ 8 ካየህ መንገድ ላይ የሆነ ነገር አለ።

ፑንቲናው ክፍት ከሆነ ግን ምንጊዜም 12 ታያለህ። ከረንት ካልሄደ ሬዚስተር ቮልት አይበላም። እኔን ያታለለኝ ይኼ ነው። ለክቼ 12 አየሁና "ባላስት የለውም" ብዬ ፈረድኩ።

እየለካህ ቡና አትጠጣ፣ ወዲያው ዝጋው። በዚህ ሁኔታ ኮይሉ ያለማቋረጥ እየነደደ ነው።

ሰፊ_ወንበር፦
ክሩን ስለቆረጥኩ ይቅርታ። የእኔ አሮጌ ሴዳን ቁልፉን ወደ ማስነሻ ሳደርገው እሺ ብሎ ይነሳል። ቁልፉን ስለቀው ወዲያው ይጠፋል። ደግሜ ሳስነሳው ይነሳል፣ ስለቀው ይጠፋል። ኮይል ቀየርኩ፣ ያው ነው። ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ብረት) ላይ በቡሎን የታሰረ ነጭ የሸክላ ነገር አለ፣ ሁለት ሽቦ የገባበት።

ጋሽ_ቦቢና፦
ነጩ ሸክላ ባላስትህ ነው። ውስጡ ተበጥሷል። ሞተሪኖ ሲጎትት ባላስቱ ስለሚዘለል ይነሳል። ቁልፉን ስትለቅ መንገዱ በተበጠሰው በኩል ነው፣ ስለዚህ ይሞታል። ለካው፣ ቴስተርህ ምንም አያሳይም።

ሁለቱን ጫፍ በሽቦ አገናኝተህ ከቆምክበት ቦታ መውጣት ትችላለህ። ከዚያ በላይ እንዳትነዳበት። በሽቦ እንዳገናኘኸው ከረሳኸው እንደ ቮልስ65 ትሆናለህ።

ሰፊ_ወንበር፦
ጋሼ ለካሁት፣ ምንም የለም። ሽቦ አድርጌ አስነሳሁት፣ አልጠፋም። አዲስ ባላስት እስኪመጣ ቆሟል። ያለ ጥፋቱ የተጣለው ኮይል ይቅር ይበለኝ።

ቮልስ65፦
ሦስቱን ለካሁ፣ 0.3 ቀንሼ፦ የእንግሊዙ 3.1፣ የቪ8ቱ 1.4፣ ጥቁሩ አራት ማዕዘን 0.6። የእንግሊዙ ኮይል በመግቢያው ጫፍና በወፍራሙ ገመድ ቀዳዳ መካከል 8 ሺህ ኦም አካባቢ ያሳያል። ደህና ይመስለኛል። ግን የትኛው ጫፍ የት ነው የሚገባው? ፕላስና ማይነስ የለበትም።

ጥቁሩ ደግሞ ዘመናዊ ነው፣ እሳቱ ይበልጣል ይላሉ። እሱስ?

ሁለት_ጊዜ_ያቃጠልኩ፦
ስለ ጥቁሩ እኔ ልናገር፣ ስሜ ላይ ተጽፏል።

0.6 ኦም ላይ 14 ቮልት ማለት ከ23 አምፔር በላይ ነው። ፑንቲና አይችለውም። እነዚህ ኮይሎች የተሠሩት ከረንቱን ራሱ ለሚለካና በቃ ለሚል ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ነው። ሞጁሉ ኮይሉ እስኪሞላ ብቻ ይከፍትና ይዘጋል። ፑንቲና እንዲህ ያለ ጭንቅላት የለውም። ቆርቆሮ ነው፣ ካም (የሚዞረው ጉጥ) ሲነግረው ይዘጋል፣ ካም ሲነግረው ይከፍታል።

እኔ ፑንቲናውን አውጥቼ ዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሞጁል ገጠምኩ። ኤሌክትሮኒክ ስለሆነች ማንኛውንም ኮይል ትችላለች ብዬ 0.7 ኦም አስከተልኩላት። ሁሉም ሞጁል ግን ከረንት አይቆጣጠርም። የኔዋ ፑንቲናን ተክታ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነበር የምታውቀው። ሬዲዮ እየሰማሁ ቁልፉን ክፍት ረሳሁት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ እስኪመጣ። ሁለተኛዋን እንዴት እንዳቃጠልኳት አልናገርም፣ ምክንያቱም ያው ነው።

ሞጁል የምትገዙ ሰዎች፣ ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛው ኦም ተጽፏል። አንብቡት። ለአራት ሲሊንደር አንድ ቁጥር፣ ለስምንት ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል።

ጋሽ_ቦቢና፦
አሁን ወደ ጫፎቹ። "ኤስደብሊው" ማለት ወደ ቁልፉ የሚሄደው ነው። "ሲቢ" ወደ ፑንቲናው የሚሄደው። እንዲህ የተጻፈባቸው ኮይሎች የመጡት የባትሪው ፕላስ ቦዲ ላይ ከሚታሰርባቸው መኪኖች ነው። የእንግሊዙ መኪና ኤምጂቢ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ እንዲያ ነበር። ያንተ ቮልስ ቦዲው ላይ ማይነስ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ገልብጠው፦ ከቁልፉ የሚመጣውን "ሲቢ" ላይ፣ ወደ ዲስትሪቢውተር የሚሄደውን "ኤስደብሊው" ላይ እሰር። የቮልስ ሽቦ ላይ 15 ከቁልፍ የሚመጣው፣ 1 ወደ ፑንቲናው የሚሄደው ነው። 4 ወፍራሙ ገመድ።

ገልብጠህ ብትገጥመውም ይነሳልሃል፣ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። ካንዴላ ላይ የመሃሉ ጫፍ በጣም ይግላል። ኤሌክትሮን ከጋለ ብረት ይቀለዋል መውጣት። እሳቱ ከመሃል ወደ ዳር እንዲዘል የመሃሉ ጫፍ ማይነስ መሆን አለበት። ከተገለበጠ ከቀዝቃዛው ዳር መውጣት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ተጨማሪ ቮልት ይፈልጋል። ሜዳ ላይ አታውቀውም። ዳገት ላይ በሙሉ ነዳጅ ሲሆን ሚስ ያደርግብሃል። አሮጌ ካንዴላ ስትነቅል የዳሩ ብረት እንደ ማንኪያ ጎድጎዶ ካየህ ሰውየው ለዓመታት ገልብጦ ነድቷል።

ባለ_ሁለት_ሲሊንደር፦
እኔ የሲትሮየን 2ሲቪ ኮይል አለኝ፣ ለቮልስ65 በነጻ ልሰጠው?

ውሃ_የማይጠጣ፦
እሱ ሁለት አፍ ያለው ነው፣ ዲስትሪቢውተር የማያውቅ። ሁለቱን ካንዴላ በአንዴ ነው የሚያቃጥለው። ቮልስ ላይ ሁለተኛውን አፍ የት ሊሰካው ነው?

ባለ_ሁለት_ሲሊንደር፦
እውነት ነው። ጥያቄው የመጣው ከልብ ነበር።

ቮልስ65፦
ተሠራ።

የእንግሊዙን 3.1 ኦም ገጠምኩ። ማሰሪያው አልገጠመም፣ ኮይሉ ትንሽ ይቀጥናል። ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቆርጬ አለበስኩት። ሽቦዎቹን ጋሼ እንዳሉት ገልብጬ አሰርኩ። አዲስ ፑንቲና አስገብቼ ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር አደረግኩ፣ ከዚያ በኋላ ታይሚንግ (እሳቱ የሚሰጥበት ቅጽበት)። (መጀመሪያ ታይሚንግ አስተካክዬ ክፍተቱን ኋላ ነክቼ ነበር። ታይሚንጉ አብሮ ሄደ። ደግሜ ጀመርኩ።)

ፑንቲናው ተዘግቶ፣ ቁልፉ ክፍት፣ የኮይሉ መግቢያ ላይ 12.1 አለኝ። ባትሪው 12.4 ነው። የተደበቀ ነገር የለም።

አንድ ሰዓት ከሩብ ነዳሁት። ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣሁት። ስመለስ ኮይሉን ጨበጥኩት። ይሞቃል፣ ግን መያዝ እችላለሁ፣ እስከ ፈለግኩ ድረስ። እሳቱ ከነዳሁ በኋላም ሰማያዊ ነው።

ጋሽ_ቦቢና፦
ጎበዝ። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ፑንቲናውን ከፍተህ እየው። ግራጫ ሆኖ ለስላሳ ከሆነ ጨርሰሃል። አንዱ ላይ ጉብታ፣ ሌላው ላይ ጉድጓድ ካለ ኮንዴንሰሩ አይመጥነውም።

ኮይሉንም አፉ ወደ ታች እንዳይሆን። ውስጡ ዘይት ነው፣ ሽቦዎቹን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው።

ስድስት_ቮልት_ነኝ፦
ያችን የ6 ቮልት ኮይል አትጣላት! የእኔ መኪና አሁንም ሙሉ በሙሉ 6 ቮልት ነው፣ ኮይል ፍለጋ ላይ ነኝ።

ጋሽ_ቦቢና፦
ወንድሜ፣ ተቀቅላለች አልን እኮ።

ስድስት_ቮልት_ነኝ፦
ለቀለሙ ነው። ቆርቆሮውን እፈልገዋለሁ።

ቮልስ65፦
ላንተ ትሁን፣ በግል መልእክት ጻፍልኝ። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። የዋይፐሩ ሞተር አሁንም የ6 ቮልቱ ነው። ዝናብ ሲመጣ እንደ አበደ ነገር ይሮጣል...

ጋሽ_ቦቢና፦
ለእሱ ሌላ ክር ክፈት። እስከዚያው አታብራው።